ኦርቪል ያዋሰው ባሩድ

ኦርቪል ትሬክስለር ፈሪ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። በሸለቋችን የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ፍሬኑን ይረግጣል፣ ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ ይመታል፣ ተመልሶ ወጥቶ ፍሬኑን እንደገና ይረግጣል፣ ከዚያ ነው የሚንቀሳቀሰው። መብረቅ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል፣ ሐኪም ቤት ሲገባ ላብ ያጠምቀዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን የሰው ሳቅ ነው። በእኛ በፔንሲልቬንያ ተራሮች ደግሞ በሰው መሳቅ እንደ ጨው ነው፤ ያለሱ ገበታ አይቀርብም።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቱ ነው። የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቀን እዚህ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ያን ቀን አባቱ ጠመንጃ አስይዞ ጫካ ወሰደው። አጋዘኑ መጣ፣ ቆመ፣ አየው። ኦርቪል ቃታውን መሳብ አቃተው፤ አለቀሰም። አባቱ ይህንን ነዳጅ ማደያው ጋ አወራው፣ ከዚያ የሰማው ሁሉ ለአገሩ አዳረሰው፤ ኦርቪልም «የአጋዘኖቹ አጎት» ተብሎ ቀረ። ጸጉሩ ሸብቶ፣ ልጆቹን ድሮ፣ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። በየዓመቱ የአደን ሰሞን አንዱ አይጠፋም፣ «ኦርቪል፣ ዘመዶችህ ደህና ናቸው?» ይለዋል። ኦርቪል ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

እኔ ዊልማ ሬይክ ነኝ፤ የሄምሎክ ሆሎው ተኩስ ክበብ የሜዳ ኃላፊ። ማይክሮፎኑ ያለው እኔ ጋ፣ ሜዳውን ቁልቁል የማይበት ማማ ላይ ነው። ተኩሱ እኔ ስል ይጀምራል፣ እኔ ስል ይቆማል፤ የማይወደው ካለ መንገዱ ሰፊ ነው። ኦርቪል መጀመሪያ ሜዳችን የመጣው ሊተኩስ አልነበረም። ሚስቱ ትሩዲ በውድድር ቀን የባቄላ ሾርባ ከአሳማ ሥጋ ጋር ሠርታ ትሸጥልናለች፤ ድስቱን ተሸክሞላት መጣ። ድስቱን አስቀመጠና ከኋላዬ ቆሞ ተኳሾቹን ያይ ጀመር። የእኛ ተኳሾች አይሮጡም፣ አያደቡም። ከሲሚንቶ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው፣ ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝተው፣ መቶ ያርድ፣ ዘጠና ሜትር ግድም፣ ርቆ በቆመ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳሉ። አምስቱ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው አንድ ቀዳዳ የመሰሉለት ሰው ያሸንፋል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

«እዚህ ምንድነው የሚሞተው?» አለኝ።

«ወረቀት።»

«ሌላስ?»

«የባለቤቱ ኩራት።»

ያን ጊዜ ነው ኦርቪልን ከልቡ ሲስቅ ያየሁት። በሚቀጥለው ወር ድስቱን ይዞ ሲመጣ ሆዱ ውስጥ ጥያቄ ነበረው። በአውቶቡስ ነጂ ደመወዝ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ እየኖረ፣ አንድ ሰው ይህን ጨዋታ መጀመር ይችላል ወይ?

እውነቱን ነገርኩት። የመኪና ዋጋ የሚያወጣ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ አሉን፤ ግማሾቹ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እንኳ አያውቁም። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ጥሩ አፈሙዝ፣ ጥሩ የጥይት እርሳስ፣ ነፋስ የሚያነብ ዓይን ነው። ቀሪው ጌጥ ነው። ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ቀለህ አይጥሉትም፤ እያጸዱ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ መለኮሻ እየተከሉ፣ ባሩድና እርሳስ እየሞሉ ደጋግመው ይተኩሱታል። ትዕግሥት ያለው ሰው በትንሽ ወጪ ይዘልቃል።

ኦርቪል የሰማውን ሁሉ አደረገ። ተኩስ ካቆመ ሽማግሌ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ገዛ፤ ሰደፉን አንድ ሰነፍ የጋጣ በር በሚቀባበት ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ከረጢቶቹን ትሩዲ ከአሮጌ ጂንስ ሱሪዎች ሰፋችለት፤ አንዱ ላይ ኪሱ እንኳ እንዳለ ነው። የነፋስ ባንዲራዎቹን ከብስክሌት ሽቦና ከደማቅ ጥብጣብ ራሱ ሠራ። ይህን ሁሉ ጭኖ በመጣ ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ ከማማዬ ላይ ይታየኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ጥይት ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰ፤ የጎረቤቱን ወረቀት መታ።

ወዲያው አንዱ ከመስመሩ ጫፍ፣ «አጎት፣ ወረቀቱም ዘመድህ ነው እንዴ?» አለው፤ ሜዳው በሳቅ አለቀ።

ግሌና ፈርስት ግን አልሳቀችም። ግሌና የክበባችን አንደኛ ናት፤ ሰባን ካለፈች ቆይታለች፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ እጇ ግን አይነቃነቅም። መጥታ ቀዩን ጠመንጃ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ የአጥር እንጨት ስንት ፈጀብህ?»

«ርካሽ ነበር፣ ሚስዝ ፈርስት።»

«ያስታውቃል።» ወደ መኪናዋ ሄደች፤ አንድ አፈሙዝ በጨርቅ ጠቅልላ ተመለሰች። «ይሄን አስገጥምበት። ለኔ አርጅቷል፤ ላንተ ግን ገና ሙሽራ ነው። እኔን ደግሞ ግሌና በለኝ።»

«እሺ፣ ሚስዝ ፈርስት» አለ።

ያን በጋ ሙሉ አስተማረችው። ትንፋሹን አፍኖ እንዳይይዝ፣ አስወጥቶ ዝም እንዲል፤ ባንዲራዎቹ ሲተኙ ሳይሆን የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ በነበሩበት አኳኋን ሲቆሙ እንዲተኩስ። ሌላውም ሰው የአቅሙን አዋሰው፤ አንዱ የባሩድ መስፈሪያ፣ አንዱ እርሳሱን ቀለሁ ላይ የሚተክል መጭመቂያ። ቀዳዳዎቹም እየተቀራረቡ መጡ። የሚገርመው ግን እጁ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። «ዊልማ፣ በሕይወቴ የማልፈራበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ያሳፈረው ነገር ቢኖር ሁልጊዜ ተቀባይ መሆኑ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያለ ያጉረመርማል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እሱም የሚሰጠው ነገር እንዲኖረው ይመኝ ነበር።

አሁን ስለ ባሩድ ልናገር። በእኛ ሜዳ አንድ ነገር ጎደለኝ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የለም፤ መነጽርም ቢሆን እናውሳለን። ከተከፈተ ጣሳ ባሩድ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሽጉጥ ባሩድ ቶሎ ይነዳል፣ የጠመንጃው ቀስ ይላል። የሽጉጡ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ፣ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ የተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ጣሳ ውስጥ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ነጭ ነገር ላይ በትነው ካላዩት አይለይም። ስለዚህ ጀማሪ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የምንነግረው ሕግ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጣሳ የሚል ነው። ከተከፈተ ጣሳ የሚወሰደውም ዓይንህን አደራ ከምትሰጠው ሰው ብቻ ነው።

በመስከረም ውድድር ዋዜማ ሰሞን ኦርቪል ለጎረቤቱ የሽጉጥ ጥይት ይሞላለት ነበር፤ ጎረቤቱ በለውጡ መለኮሻ ሊሰጠው። እንዲህ እየተለዋወጡ ነው ወጪ የሚቀነሰው። ለራሱ ውድድር የሚሆኑትን ጥይቶች ቀደም ብሎ ሞልቶ ጨርሷል፤ የጠመንጃው ባሩድ ጣሳ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሥራው መሐል የአውቶቡስ ጣቢያው አለቃ ደወለ፤ አንድ ልጅ ከአውቶቡሱ እንደወረደ ቤቱ አልገባም አለው። ኦርቪል ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። መስፈሪያው ውስጥ የተረፈውን የሽጉጥ ባሩድ ጣሳ ውስጥ ገልብጦ፣ ክዳኑን ጠምዝዞ፣ እየሮጠ ወጣ። ልጁ አያቱ ቤት ኬክ ሲበላ ተገኘ። ኦርቪል ያን ቀን ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም፤ ባሩዱን የትኛው ጣሳ ውስጥ እንደገለበጠም ዳግመኛ አላሰበውም።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ጠራ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ኦርቪል ከቤቱ በሞላቸው ጥይቶች ተኩሶ ሦስተኛ ወጣ። ወረቀቱን ለትሩዲ ሊያሳይ ሾርባው ድረስ ሄደ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በማይክሮፎን ቀለድኩበት፣ እሱም ሳቀ።

ግሌና ግን ከሁለተኛው ዙር በፊት፣ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት እዚያው የተኩስ ጠረጴዛዎቹ ባሉበት ዳስ ውስጥ ጥይቷን ልትሞላ ስትል፣ ክንዷ ጣሳዋን ነካው። ባሩዷ በሙሉ እርጥቡ ጠጠር ላይ ተደፋ። ከየጠረጴዛው ሰው ጣሳውን አነሳ፤ መኪና የሚያወጣ ጠመንጃ ያላቸው ሁሉ «ከኔ ውሰጂ» አሏት። እሷ በሁሉም አጠገብ አልፋ ቀዩ ጠመንጃ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንተም ከኔው ዓይነት ነው የምትጠቀመው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ሚስዝ ፈርስት። ግን እነሱ...»

«እነሱን ተዋቸው። እኔ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ከሚረግጥ ሰው ነው የምወስደው።»

ኦርቪል ፊቱ በራ። ጣሳውን ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጣት፤ መስፈሪያዋን ራሱ ሞላላት። ሰው ሁሉ ያይ ነበር። አጎት እያለ የሚቀልድበት ሰውዬ እንኳ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ ቀና ብሎ ነበር የሚራመደው፤ እኔም ከማማዬ ላይ ደስ አለኝ።

ተቀመጠ። ጥይቶቹን ሲደረድር አውራ ጣቱ ላይ አንዲት ብናኝ አየ። ጠፍጣፋ ናት፤ የዓሣ ቅርፊት ቁራጭ ትመስላለች። የጠመንጃው ባሩድ ቀጫጭን ዱላ ነው፤ ጠፍጣፋው የሽጉጡ ነው።

ክው አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ራሱ ነው። መጀመሪያ የመጣለት የስልኩ ጥሪ ነው። ሁለቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን እንደነበሩ አስታወሰ፤ መገልበጡንም አስታወሰ። እጁ ወደ የትኛው እንደሄደ ግን ማስታወስ አልቻለም። ምናልባት ብናኟ ከክዳኑ ላይ ይሆናል፣ አለ ለራሱ። ምናልባት ከልብሴ ነው። ግሌና ከሱ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ፣ ጥይቶቿን ሞልታ ጨርሳ፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስጠግታለች፤ ዓይኗ ከመቀርቀሪያው የአንድ መዳፍ ስፋት እንኳ አይርቅም።

እኔ በማይክሮፎኑ፣ «ዝግጁ ያልሆነ ሰው አለ?» አልኩ።

ሁልጊዜ የምጠይቀው ነው። መልስም ጠብቄ አላውቅም። ኦርቪል አፉን ከፈተ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ኦርቪል ግን የታየው የሚቀረው ሳይሆን የሚመጣው ነው። ቢናገር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጣሳ የሚለውን ሕግ እንደጣሰ ይታወቃል። ባሩዱ ደህና ከሆነ ደግሞ በባዶ ሜዳ ውድድር ያስቆመ ፈሪ ይባላል፤ ነዳጅ ማደያው ጋ የሚወራውም ቀድሞ ተሰማው። በዚያ ላይ ያ ቀና ብሎ የተራመደባት ደቂቃ አለች። አፉን ዘጋው።

«መቀርቀሪያ አስገቡ» አልኩ። «ተኩስ ጀምር።»

መስመሩ ተንጣጣ። ኦርቪል ጠመንጃውን አልነካም፤ ግሌናን ብቻ ያያል። ነፋሱን ጠበቀች። ተኮሰች። ድምፁ ከሌሎቹ የሰላ ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ግን ከማማዬ አስተጋብቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ግሌና ደህና ናት። ኦርቪል ትንፋሹ መለስ አለለት፤ እግዜር ይመስገን ሊል ነበር።

ከዚያ መቀርቀሪያውን ልታነሳ ስትል አልነሳ አላት። በመዳፏ መታችው። ግሌና መቀርቀሪያ መትታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በሁለት ጣት ነው የምታነሳው። የባሩዱ ግፊት ከልክ አልፎ ቀለሁ ሲያብጥ ብቻ ነው እንዲያ የሚጣበቀው። ፊቷን አኮሳተረች፤ ሙቀቱ ነው ብላ ይሆናል፤ የባሩዱን ባለቤት ታምነዋለችና። ሁለተኛዋን ጥይት አስገብታ ዘጋች። ጉንጯን መለሰች።

ኦርቪል ሊጮህ ሞከረ፤ ድምፁ አልወጣም። ተነሳ፣ በርጩማው ወደቀ፣ ጠረጴዛውን ያዘ። ሁለተኛ ሲሞክር ከውስጡ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። «አቁሙ። ግሌና፣ አትተኩሺ። ግሌና።»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ጣቷ ቃታው ላይ ነበር። አነሳችው።

«ተኩስ አቁም» አልኩ። «ሁሉም መቀርቀሪያ ያውጣ። ማንም ምንም እንዳይነካ።» ማይክሮፎኑን ጥዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ኦርቪል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነገረን። ከግሌና ሳጥን አንዲት ጥይት አንስቼ እርሳሱን ነቀልኩና ባሩዱን ትሩዲ ባመጣችው ነጭ የሾርባ ሳህን ላይ ደፋሁት። ቀጫጭኖቹ ዱላዎች መሐል ጠፍጣፋ ብናኞች ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው። የቀሩትንም ነቀልኩ፤ እንዲሁ ጥቂት ጥቂት። መጨረሻ ላይ ጠመንጃው ውስጥ ገብታ የነበረችውን፣ ሁለተኛዋን አወጣን። እሷን ስደፋ ሳህኑ ላይ ከግማሽ በላይ የወረደው ጠፍጣፋው ነበር።

ያቺ ብትተኮስ መቀርቀሪያው ፊቷ ላይ ይፈነዳ ነበር። ያ ባለ ቀልድ ሰውዬ አፉን ከፈተ፤ ሳህኑን አየ፤ ዘጋው። ትሩዲ የባሏን ክንድ ያዘች። ግሌና መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ስትጠርግ ቆየች፤ መነጽሩ ግን ንጹህ ነበር። እኔ የኃላፊነቴን ሥራ ሠራሁ፤ ኦርቪልን ለዚያ ቀን ከመስመሩ አስወጣሁት፣ ጣሳውን ወሰድኩ፣ ዙሩን ሰረዝኩ። እሱም፣ «ልክ ነሽ» ብቻ አለኝ።

ግሌና ዕቃዋን ጭና ስትጨርስ ኦርቪል ወደ መኪናዋ ሄደ። እኔ አጠገቧ ከረጢቶቿን እያቀበልኳት ነበር።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

በዚያ ሰዓት ሊዋሽ ይችል ነበር። መቀርቀሪያውን በመዳፏ ስትመታ ነው ቢል ሁላችንም እናምነዋለን፤ እንዲያውም ዓይኗን ያተረፈ ጀግና ብለን እንሸኘዋለን። ኦርቪል መሬቱን አየ።

«ዊልማ ዝግጁ ያልሆነ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ ጠርጥሬ ነበር።»

«ከመጀመሪያዋ ጥይት በፊት።»

«ከመጀመሪያዋ በፊት።»

«ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ።»

«ምን ፈርተህ?»

«እናንተን» አለ። «ሁላችሁንም። ሳቃችሁን።»

እኔ ያቀፍኩትን ከረጢት የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ከዓይኔ ይልቅ?» አለች ግሌና።

ኦርቪል እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። «ያን ጊዜ፣ አዎ።»

ግሌና መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ቁልፉን ልታስገባ ሞከረች፤ ቁልፉ ጎኑን ጫረ። እንደገና ሞከረች። ያ የማይነቃነቅ እጅ ከእጅ አንጓው ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፉን ጭኗ ላይ ጣለችና ሁለት እጆቿን አጣምራ ያዘቻቸው።

«ልንዳልዎት?» አላት ኦርቪል በመስኮቱ።

«አይሆንም» አለች ሳታየው። «እስኪያልፍልኝ እዚህ እቀመጣለሁ።» ኦርቪል አንገቱን ደፍቶ ዞረ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲራመድ ጠራችው። «ኦርቪል። አትሂድ። ብቻዬን መሆን ፈርቻለሁ።»

ተመልሶ በሩ አጠገብ ቆመ።